የሎህ ውሃ የፈሰሰበት ክምር

ምስጋና ከአፈር ለፈጠረን፣ ከአፈር ለሚመግበን፣ በመጨረሻም አፈር ለሚያለብሰን ጌታ የተገባ ነው። ሰላምና እዝነት በነቢያችን ላይ ይሁን። ይህን ታሪክ የሰማሁት ከኡስታዜ ነው፤ እሳቸውም ከኡስታዛቸው። የከተማዋን ስም ብጠይቃቸው አልነገሩኝም። «ስሟን ካወቅህ የእነዚያ ሰዎች ጉዳይ ነው ብለህ ትገላገላለህ» አሉኝና ወሬያቸውን ቀጠሉ። እኔም እንደሰማሁት አወራለሁ።

ከተማዋ ያረጀች፣ በድንጋይ ግንብ የታጠረች፣ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ነበረች። ከምሥራቁ በር ወጣ ሲሉ መንገደኛ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈው ገደል አለ። የቡና ገለባ፣ የጫት ገራባ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የምድጃ አመድ፣ የበረት ፍግ፣ ሁሉም ከቅድመ አያቶች ጀምሮ የሚደፋው እዚያ ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር ሽታው እስከ መስጂዱ ደጃፍ ይደርሳል፤ ዝንቡም ተከትሎ ይመጣል። በኹጥባ ላይ ስለ ንጽህና ሲወራ የከተማው ሰው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፤ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ጠርጎ ለገደሉ ያስረክባል። የራሱ ግቢ ከጸዳ ሌላው አያሳስበውም ነበር።

ከገደሉ ማዶ፣ ቁልቁለቱን ተከትሎ፣ በድንጋይ እርከን የተደገፈ አንድ የማሽላ ማሳ ነበር። ማሳው የሁለት የቲሞች ነው። አባታቸው በሞት አልጋው ላይ ሳለ የልጆቹን መሬት በአማና፣ በአደራ የሰጠው ለገዛ ወንድሙ ለሸምሰዲን ሳይሆን ለጎረቤቱ ለሐጂ መህፉዝ ነበር። ወንድሙን ጠልቶ አይደለም። የሸምሰዲን መሬት ከዚያ ማሳ ጋር ይዋሰናል፤ የድንበር ድንጋይ ደግሞ እግር የሚያወጣበት ጊዜ እንዳለ ሟቹ ያውቅ ነበር።

ሐጂ መህፉዝ በገበያው ውስጥ ቅመም የሚሸጡ፣ ፂማቸው የነጣ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ነበሩ። በሚዛናቸው ላይ ማንም ጥያቄ አንስቶ አያውቅም። መሬት ግን በሚዛን አይገዛም። ማሽላው ዓመት ከዓመት እያነሰ መጣ። ጉልበት ላይ ሲደርስ ቢጫ ይሆናል፤ ዘለላው ይቀጭጫል። አገዳው ለማገዶ፣ ፍጉ ለኩበት ሲለቀም ኖሮ፣ መሬቱ ከሰጠው አንዳች ነገር ተመልሶለት አያውቅም።

ሸምሰዲን ይህን አይቶ ወደ ቃዲው ሄደ። ክፉ ቃል አልተናገረም።

«ሐጂ መህፉዝ ደግ ሰው ናቸው። ግን ነጋዴ ናቸው። የወንድሜ ልጆች መሬት እጃቸው ላይ እየሞተ ነው» አለ።

ቃዲው ማሳውን በዓይናቸው አይተው ስለነበር ሊክዱት አልቻሉም። የዘንድሮው ምርት የቲሞቹን ለዓመት ካልቀለበ አማናው ወደ አጎትየው እንዲዞር ፈረዱ። የልጆቹ እናት ሰዕዲያ ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ልጆቿ መጥተው እስኪያስነሷት ድረስም እዚያው ነበረች። መሬቱ ከሄደ የምትኖረው በሸምሰዲን ቸርነት ነው። ቸርነቱ ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ ባሏ በሕይወት ሳለ አይታዋለች።

ሐጂ መህፉዝም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጡ። በየቲም ሀብት ላይ የወረደውን ማስጠንቀቂያ ያውቁታል። ወደ ሶላት ሲቆሙ ያ ቢጫ ማሳ ዓይናቸው ላይ ይመጣል፤ ሩኩዕ ሲወርዱ ይመጣል፤ ሲያሰላምቱም አልሄደም።

በጎልማሳነታቸው ለሐጅ ሲጓዙ ካረፉባቸው አገሮች በአንዱ፣ ገበሬዎች ቅጠልና ፍግ ደራርበው ሲከምሩ፣ ክምሩም በስብሶ ጥቁር አፈር ሲሆን አይተው ነበር። ያን አስታወሱ። አህያቸውን ጭነው ከቤት ቤት መዞር ጀመሩ።

«ለገደሉ የምትሰጡትን ለኔ ስጡኝ» ይላሉ በየደጃፉ።

ሰው መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ቀጥሎ እሱ ራሱ ይቀልድ ጀመር። «ሐጂ ቁንዶ በርበሬውን ትተው በልጣጭ ሊነግዱ ነው» ተባለ። አንዳንዱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ቅርጫቱን ያቀብላቸዋል፤ አንዳንዱም እኔ ነኝ የምወስደው እያለ በእልህ ገደል ይከተዋል። እሳቸው የሰጣቸውን መርቀው፣ ያልሰጣቸውንም ሰላም ብለው ያልፋሉ።

ክምሩን የሠሩት ከማሳው ራስጌ፣ ጥላ ስር ነው። ከታች ደረቅ አገዳ፣ ከላዩ እርጥብ ቅጠልና ልጣጭ፣ ከዚያ ፍግ፣ ከዚያ ስስ አፈርና አመድ፣ እንደገናም አገዳ፤ እንዲህ እየደራረቡ ውሃ ያርከፈክፉበታል። መሐሉ ላይ አንድ ረጅም እንጨት ሰክተዋል። ክምሩ እየበሰለ ከሆነ እንጨቱ ሲመዘዝ ትኩስ ይሆናል። በየማለዳው «ቢስሚላህ» ብለው ይመዙትና በመዳፋቸው ይጨብጡታል። ቀዝቃዛ ነበር። በማግስቱም ቀዝቃዛ። ሰዕዲያ ራቅ ብላ ቆማ ፊታቸውን ታያለች፤ እንጨቱን መልሰው ሲሰኩት ሳትጠይቅ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ለዚህ ታሪክ ዋናው ነው። በመስጂዱ ግቢ አንድ የወይራ ዛፍ አለ። የቁርኣን ቤት ልጆች በየሐሙሱ የሚጽፉበትን ሰሌዳ፣ የእንጨት ሎሃቸውን፣ የሚያጥቡት እዚያ ነው። የአላህ ቃል የተጻፈበት ቀለም የታጠበበት ውሃ እንደዋዛ አይደፋም፤ እግር የማይረግጠው ቦታ፣ በአጥር በተከለለው የወይራው ግንድ ስር ይፈስሳል። የታመመ ያለበት ሰውም ለሽፋ፣ ለፈውስ ብሎ በማሰሮ ወስዶ ያጠጣል። ከሰዕዲያ ልጆች አንዱ ቁርኣን የሚቀራው እዚያው ነበር። እናቱ በየሐሙሱ ማሰሮ ይዛ ብቅ ስትል ማንም ምን ሆንሽ አላላትም። የየቲሞች እናት ናት፤ ጭንቀት አላት፤ ትውሰድ አሉ።

ከጊዜ በኋላ እንጨቱ ሞቀ። አንድ ቀን ሐጂ መህፉዝ ሲጨብጡት ቶሎ ለቀቁት፤ እንፋሎት እየወጣ ነበር። ክምሩን ገለበጡት፣ አርጥበው ደግመው ገለበጡት። ሽታው ጠፋ፤ ልጣጩና ገራባው አልለይ አለ። ዝናቡ ሊቃረብ ደመናው በምዕራብ በኩል መከማቸት ሲጀምር፣ በእጃቸው ላይ የነበረው ነገር ጥቁር፣ ልል፣ እርጥብ መሬት መሬት የሚሸት አፈር ነበር። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ፍርዱን ከሰሙበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አላቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ማሳው ላይ ይበተናል፤ በሬዎቹ ይገባሉ፤ ይዘራል።

ሰዕዲያ አፈሩን ዘገን አድርጋ አሸተተችና ፈገግ አለች።

«እኔስ እንደሚሞቅ አውቄ ነበር፣ ሐጂ» አለች። «ከጀመራችሁት ጀምሮ የሎህ ውሃ ሳጠጣው ነው የቆየሁት። ለበረካው ብዬ።»

የሐጂ መህፉዝ እጅ ባለበት ቆመ።

«እዚህ ላይ ነው ያፈሰስሽው? ፍጉ ላይ?»

«እዚሁ ላይ።» ፊታቸውን አየችና ፈገግታዋ ጠፋ። «አጠፋሁ እንዴ?»

«ለሌላ ሰው ነግረሻል ልጄ?»

«ለማንም።»

ይህ መልስ የሚያሳርፍ ይመስላል። እሳቸውን ግን የባሰ አስፈራቸው። የሚያውቀው እንግዲህ አላህ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ እሳቸው። የቁርኣን ቀለም የታጠበበት ውሃ ፍግ ውስጥ ገብቷል፤ ያ ክምር ደግሞ ነገ የበሬ ኮቴና የሰው እግር ሊረግጠው ነው። ዝም ካሉ የቲሞቹ መሬታቸውን ያተርፋሉ። ከተናገሩ ሰው ክምሩን አይነካውም፤ ሌላ ለመሥራት ጊዜ የለም፤ ደመናው አናታቸው ላይ ነው። ዝም ማለትም ለየቲም ማሰብ ነው የሚል ሐሳብ መጣባቸው። ሐሳቡ መልካም መስሎ ስለመጣ ፈሩት። ለሰዕዲያ «አላጠፋሽም፤ አላወቅሽም ነው» ብለዋት ወደ ሱቃቸው ሄዱ። የዚያን ቀን ቅመም ሊገዛ የመጣ ሁሉ የጠየቀውን ሁለት ሁለቴ መድገም ነበረበት አሉ ኡስታዜ።

ጁሙዓ ደረሰ። ሶላቱ እንዳበቃ ሐጂ መህፉዝ በጀማዓው መሐል ተነሱ።

«የየቲሞቹ ክምር ላይ የሎህ ውሃ ፈስሷል። ውስጡ ፍግ አለበት። ጠባቂው እኔ ነበርኩ፤ አላየሁም። አሁን ግን አውቄ ዝም ልል አልችልም።»

መስጂዱ ተንሾካሾከ። ሸምሰዲን ከኋላ ተነሣ።

«ማነው ያፈሰሰው?»

«ጠባቂው እኔ ነበርኩ አልኩህ፣ ልጄ።»

«እሱን ሰማሁ። ያፈሰሰውን ነው የጠየቅሁ።»

ያኔ ከሴቶቹ መጋረጃ ጀርባ አንድ ድምፅ መጣ።

«እኔ ነኝ። ሐጂን አትጠይቁ። በረካ እንዲሆን ብዬ ነው፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።»

የሳቀ የለም። ቀደም ሲል በልጣጭ የቀለዱት ሰዎች ምንጣፉን ያዩ ነበር። ቃዲው ተናገሩ።

«ኒያሽን፣ የልብሽን አላህ ያውቀዋል፤ ከሱ ዘንድ አይጠፋም። በዚህ ጉዳይ ዑለማዎች ብዙ ሊሉ ይችላሉ። እኔ ግን ስለምፈራ፣ ክምሩ ኮቴ የሚረግጠው ቦታ ላይ እንዲበተን አልፈቅድም። በንጹሕ ቅርጫት ይነሣና ውሃው መጀመሪያ መፍሰስ ወደነበረበት፣ ወደ ወይራው ስር ይግባ።»

እኔ ፈትዋ ልሰጥ አልተቀመጥኩም፤ ቃዲው የፈረዱትን ነው የማወራው። ክምሩ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተነሣ። ሐጂ መህፉዝ ራሳቸው ተሸከሙ፤ ሰዕዲያ ቅርጫቱን ስትሞላ እንባዋን በክንዷ ትጠርግ ነበር። ያን ሁሉ የተለፋበት አፈር በወይራው አጥር ውስጥ ገብቶ ሲያልቅ፣ ክምሩ የነበረበት ቦታ ባዶውን ቀረ። ሸምሰዲን ከድንበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያያል።

«አሁን ፈቅደው ቢሰጡኝ ይሻልዎታል፣ ሐጂ» አለ። «በመከር ጊዜ ከሚያፍሩ።»

«በመከር ጊዜ የማፍር ከሆነ ያኔ አፍራለሁ» አሉት።

ወደ ከተማው ሲመለሱ ምሥራቁ በር ላይ ሲደርሱ እዚያው ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሙ። ምዕራቡ አጉረመረመ። «ያ ረብ፣ የሰው አማና ነው፤ የኔ አይደለም» አሉ። ሌላ ዱዓ አልመጣላቸውም።

አንዲት ሴት ቅርጫቷን ይዛ መጣች፤ እሳቸውን ስታይ ደነገጠች።

«አፉ በሉኝ ሐጂ» አለችና ፊቷን አዙራ ደፋችው።

ልጣጩ ሲንከባለል በዓይናቸው ተከተሉት። ያለፈው ዓመት ጎርፍ ከገደሉ ጎን ጥቂቱን ቆርሶት ነበር። የተቆረሰው ግድግዳ ላይ፣ ከላይ የዘንድሮው ጥራጊ፣ ዝቅ ብሎ የበሰበሰ ገለባ፣ ከሱ ሥር ደግሞ እስከ ታች ድረስ ጥቁር አፈር ይታያል። ያን ጥቁረት ያውቁታል። በዚያው ከሰዓት በኋላ በቅርጫት ሲሸከሙት ቆይተዋል። የከተማዋ ሰው ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ሳያውቅ ሲከምር ኖሯል።

በማግስቱ ከሱብሂ በኋላ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ አካፋና ቅርጫት ይዘው ገደል ወረዱ። እዚያ ሰው ወርዶ አያውቅም፤ ጅብ ነበር የሚወርደው። እኚያ ልብሳቸው ላይ የቅመም ጠረን እንጂ ሌላ የማይታወቅባቸው ሽማግሌ እስከ ጉልበታቸው በሰው ጥራጊ ውስጥ ቆመው ላይ ላዩን እየገፉ፣ ጥቁሩን እየዛቁ፣ ቅርጫቱን ትከሻቸው ላይ አድርገው ዳገቱን ይወጡ ጀመር። ሁለት እርምጃ ሄደው ያርፋሉ፤ ደግሞ ይነሣሉ።

ጠዋት እንግዲህ ሰው ቤቱን የሚጠርግበት ሰዓት ነው። ሴቶቹም ወንዶቹም ቅርጫት ቅርጫታቸውን ይዘው ወደ አፋፉ መጡ፤ መጥተውም ቆሙ። ሐጂ መህፉዝ ከታች ናቸው። በሽማግሌ አናት ላይ ቆሻሻ አይደፋ ነገር! ቅርጫቱን ይዘው ተሰለፉ፤ የያዙት ነገር እዚያ ከታች ከሚታየው ነጭ ፂም ጋር ሲተያይ አሳፈራቸው። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሐጂ፣ ይውጡ እንጂ፤ እኛስ የት እንድፋው?» አለ።

ሐጂ ቀና አሉ። ላባቸውን ጠረጉ።

«ከየት አመጣችሁት?» አሉ።

«ከቤታችን።»

«እዚያው ጓሯችሁ ቅበሩት። ለዛሬ ብቻ።»

ሁለት ሰዎች ቅርጫታቸውን መሬት አስቀምጠው ወረዱ። ኋላ ሌሎች ወረዱ። ሴቶቹ ወንፊት አምጥተው አፋፉ ላይ ተቀመጡ፤ ስባሪ ሸክላውን፣ አጥንቱንና እሾሁን እየለዩ ጥቁሩን ይነፋሉ። ሸምሰዲንም መጣና ቃዲውን ፈልጎ አገኛቸው።

«የሎህ ውሃ የነካው ተከለከለ፤ ይሄ ነጃሳውስ ይፈቀዳል?»

«ያ የተከለከለው ከብሮ ነው» አሉ ቃዲው። «በፍግ ላይ የበቀለ እህል ንጹሕ ነው። ሠራተኛው ለሶላቱ ይታጠባል፤ በቃ።» እሳቸውም ጥምጥማቸውን ለልጃቸው ሰጥተው አንድ ቅርጫት አነሡ።

ቢሆንም ዝናቡ ቀደማቸው። አፈሩ የደረሰው እስከ መካከለኛው እርከን ብቻ ነበር፤ ራስጌው ባዶውን ተዘራ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለሰዕዲያ ከቀደመው የከፋ ነበር፤ ያኔ የምትሠራው ነገር ነበራት፣ አሁን ማየት ብቻ ነው። ማሽላው ጉልበት ላይ ደረሰ። በየዓመቱ ቢጫ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ራስጌው ቢጫ ሆነ። ታችኛው ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቀጠለ፤ ከዚያ ወገብ፣ ከዚያ የሰው ቁመት አለፈ። ዘለላው ሲጎነብስ ሐጂ መህፉዝ እየዳሰሱ በማሳው መሐል ይሄዱ ነበር፤ ወፍ ሲያርፍበት እንኳ ልባቸው ይደነግጣል።

ታጨደ፤ ተወቃ። ቃዲው በጎተራው ፊት ቆመው አዩ። እህሉ የሁለቱን የቲሞችና የእናታቸውን ዓመት ይሸፍናል፤ ከዚያ የሚተርፍ ግን እምብዛም አልነበረም። አማናው ባለበት ይቆይ አሉ።

ሸምሰዲን ቢጫው አገዳ ከአረንጓዴው ተለይቶ የነበረበት እርከን ላይ ብዙ ቆየ። ጎንበስ ብሎ አፈሩን ዘገነ። የሱም ማሳ ካረጀ ቆይቷል፤ ለማንም አልተናገረውም እንጂ።

«ከዚያ ገደል ለኔም ይተርፍ ይሆን?» አለ፤ ሐጂን ሳያይ።

«አካፋዬን ውሰድ» አሉት።

የከተማው ሰውም «ለዛሬ ብቻ» የተባለውን የጓሮ ጉድጓድ አልደፈነውም። ልጣጩና ገራባው በየቤቱ መብሰል ጀመረ። ሽታው ከመስጂዱ ደጃፍ የራቀው ቆይቶ ነው፤ ግን ራቀ።

ከመከሩ በኋላ ሰዕዲያ ውስጧን ሲበላት የኖረውን ጥያቄ ይዛ ወደ ሐጂ መህፉዝ ሱቅ ሄደች።

«ያ ያፈሰስኩት ውሃ በረካ አልነበረውም ማለት ነው?»

ሐጂ መህፉዝ ሚዛኑን አስቀመጡ።

«ነበረው እንጂ ልጄ። ዝም እንዳልል ያደረገኝ እሱ ነው» አሏት።

ኡስታዜ ታሪኩን የሚጨርሱት እዚህ ላይ ነበር። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር አላርፍም። እኒያ ሽማግሌ ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ ማሳው ያፈራ ነበር፤ እሳቸው ግን በሐላል ማሳ ላይ የተደበቀ ነገር ይዘው ወደ ጌታቸው ይሄዱ ነበር። ስለተናገሩ ክምሩን አጡ፤ ስላጡትም ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሙ፤ ስለቆሙም የከተማዋ ሰው ሁሉ ሲጥለው የኖረውን አዩ። በረካ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ደስ በማይል መንገድ ነው።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ይህ ነው። የእነዚያ ሰዎች ጥፋት የሚታረም ጥፋት ነበር። የጣሉት ሁሉ ከምድር የወጣ ስለነበር ምድር ታግሣ አፈር አደረገችላቸው። እኛ ዛሬ ልጣጩን ከፌስታሉ፣ ገለባውን ከባትሪ ድንጋዩ፣ የተረፈውን ምግብ ከተሰበረው ጠርሙስ ጋር በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት አስረን ወንዝ ዳር እንጥላለን። ጓሯችን ውስጥ ልጣጩን ብቻ ለይቶ የሚቀብር ሰው ብናይ እንስቃለን። የኛም የልጅ ልጆች አንድ ቀን መሬቱ ሲደክምባቸው፣ ደመናው ሲያጉረመርም፣ አካፋ ይዘው እኛ የጣልንበት ገደል ይወርዱ ይሆናል። ላይ ላዩን ይገፋሉ፤ ይቆፍራሉ፤ ደግሞ ይቆፍራሉ። ፌስታሉን እንዳለ ያገኙታል።